ስልሳ ሁለት ሺህ እርምጃ

«ስልሳ ሁለት ሺህ!» አለች ሲስተር በለጡ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ። «በአንድ ሳምንት ብቻ! ኧረ ለአቶ ነጅመዲን አጨብጭቡላቸው!»

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ቦታ የቆሙት ሃያ ያህል ሰዎች አጨበጨቡ። ነጅመዲን አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ሱንዱስ ግን አቀርቅራ ጫማዋን ታያለች። ያንን ሁሉ መንገድ የረገጠው ይህ የእሷ ጫማ ነው።

ፕሮግራሙ ከተጀመረ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። ስኳር ያለባቸው የሰፈር ሰዎች ጤና ጣቢያ እየተሰበሰቡ ስለ ምግብ ይማራሉ፣ ይለካሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከቤተሰባቸው አንድ ሰው ይዘው ወደ እንጦጦ ጋራ ይወጣሉ። ለሁሉም እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ታድሏቸዋል። የነጅመዲን ሰዓት ግን ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚውለው ሱንዱስ እጅ ላይ ነው።

«ሱቁን ለማን ትቼ ልዙር?» ብሏት ነበር፣ ወሰን ሰፈር ባለው የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ሰዓቱን ከእጁ እየፈታ። «አንቺ እንደሆነ ትምህርት ቤት በእግርሽ ትመላለሻለሽ። ባስኬቱም አለ። በረካው ለሁለታችን ይደርሳል።»

ቀልድ መስሏት ተቀበለችው። የባስኬት ቡድን ጓደኛዋ ባርኮት ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ነው የፈነዳችው። «እና ትናንት ያቺን ሪባውንድ የወሰዳት ፋዘርሽ ነው በይኛ!» ያን ቀን ሱንዱስም አብራት ስቃለች። አሁን ጭብጨባውን ስትሰማ ግን ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ስለዚህ የዛሬው መሪያችን አቶ ነጅመዲን ናቸው!» አለች ሲስተር በለጡ ፊሽካውን እያቀበለችው። «በአጭሩ መንገድ ሳይሆን በረጅሙ፣ እስከ ጋራው ጫፍ!»

«ኧረ ሲስተር፣ እሱ እኮ ገና ጎረምሳ ነው!» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። «ነጅሙ፣ ዳገቱ ላይ ቀስ በል። ከኋላህ ማርሹ ያለቀ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና እየተከተለህ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ነጅመዲን ፊሽካውን ነፍቶ ወደ ባሕር ዛፎቹ መራቸው።

ሱንዱስ ከኋላው ሆና አካሄዱን ታያለች። አያነክስም። እንዲያውም ፈጠን ፈጠን እያለ ነው የሚወጣው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ከንጋት ጀምሮ አንድ ነገር ውስጧን ይቆረቁራታል።

ለሱብሒ ሰላት ሲነሱ አባቷ ውዱእ ሲያደርግ አይታዋለች። እጁንና ፊቱን ታጠበ፤ እግሩ ጋ ሲደርስ እርጥብ መዳፉን በቆዳ ካልሲው፣ በኹፉ ላይ አሳለፈና ጨረሰ። ኹፍ ያደረገ ሰው እግሩን በመታጠብ ፋንታ በላዩ ላይ ማበስ እንደሚፈቀድለት ታውቃለች። ነገር ግን መንገደኛ ላልሆነ ሰው ፈቃዱ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ነው፤ ከዚያ አውልቆ መታጠብ አለበት። መድረሳ እያለች ኡስታዙ ይህንን በጣቷ አስቆጥረዋታል። ታዲያ አባቷን እግሩን ሲታጠብ ያየችው መቼ ነው? ረቡዕ? ከዚያ በፊት? እናቷ ፋዲላም «ካልሲህን የት ነው የምትጥለው? ለእጥበት አንድም አላገኝ!» እያለች ስትጨቀጭቀው ነው የሰነበተችው።

ከዚያ ደግሞ ጫማዋን ስትፈልግ አልጋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ካልሲ አገኘች። አንድ እግር ብቻ። ተረከዙ ላይ ቡናማ ነገር ደርቆበታል። የሞተር ዘይት ነው ብላ መልሳ አስቀመጠችው፤ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ልብሱ ዘይት አያጣም።

ግን ዘይት ዘይት ነው የሚሸተው። ያ ካልሲ የሸተታት ሌላ ነገር ነው።

ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች። ሲስተር በለጡ በሁለተኛው ሳምንት ያለችው ትዝ አላት፦ «ስኳር እግር ያደነዝዛል። ምስማር ቢወጋችሁ ላይሰማችሁ ይችላል። አላመመኝም ብላችሁ እንዳትዘናጉ።»

የማያነክሰው ስለማይሰማው ነው።

ሮጣ ደረሰችበት። «አባ፣ ቁም እስቲ።»

«ምነው፣ ደከመሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየሳቀ። «ስልሳ ሁለት ሺህ የሄድሽ ልጅ!»

«እግርህ ቆስሏል አይደል?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የሚሰማ ሰው እንዳለ ወደ ኋላ ገልመጥ አደረገ። ጋሽ ወንድይራድ ገና ታች ናቸው።

«ትንሽ ነገር ናት። ጫማ የግራ ተረከዜን ልጦኝ ነው። ቅባት እየቀባሁት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወር አልሞላውም።»

«ለዚህ ነዋ ሰዓቱን የሰጠኸኝ!»

ነጅመዲን እጅጌውን ስቦ ሰዓቱን ሸፈነ።

«ለሲስተር ንገራት፣ አባ።»

«ሱንዱስ!» ክንዷን ያዝ አደረጋት። «አያትሽ ሆስፒታል የገቡት በሁለት እግራቸው ሄደው ነው። 'እስቲ እግርዎን እንየው' አሏቸው፤ አዩት። ሲወጡ በክራንች። ደግፌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ የአንድ እግራቸው ሱሪ ባዶውን ሲወዛወዝ... ማንም እንዳያይብኝ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ሱንዱስ አያቷን የምታውቃቸው በፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገዋል።

«አያቴ ከማሳየታቸው በፊት» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን ያህል ጊዜ ደብቀውት ነበር?»

ነጅመዲን ወደ ጋራው ጫፍ አየ። «ጨርሰን እንውረድ። ቤት እናወራለን።» ፊሽካውን ነፍቶ እርምጃውን ቀጠለ።

ሱንዱስ ቀደመችውና መንገዱ ላይ፣ ፊት ለፊቱ በጉልበቷ ተንበረከከች። የግራ ጫማውን ክር ያዘች።

«ተነሺ! ምን ሆነሻል? ሰው እየመጣ እኮ ነው!»

«ይምጣ።»

ጋሽ ወንድይራድ እያለከለኩ ደረሱ። «ምነው፣ ጎማ ፈነዳ እንዴ?» አሉና የሁለቱን ፊት ሲያዩ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ከታች የሲስተር በለጡ ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንዳቆማቸው እየጠየቀች ነው። ስትደርስ ስለ ቁስሉ ትጠይቃለች። ከዚያ ስለ ሰዓቱም መጠየቋ አይቀርም። ሱንዱስ የምትመልሰውን ታውቀዋለች።

ክሩ ሁለቴ ተቋጥሯል። የመጀመሪያውን ፈታች። እግሩን ይስበዋል ብላ ጠበቀች፤ አልሳበውም። ሁለተኛውን ስትጀምር ሰዓቱ የታሰረበት እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከበዳት።

ከዚያ የአባቷ እግር ከመሬት በትንሹ ተነሳ።