በቁሟ የተለቀሰላት እስከዳር

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። ሌላ ሰው ቢጽፈው እኔም «ይቺ ደግሞ ለላይክ ብላ ነው» እል ነበር።

ግን ደርሶብኛል። ያውም ዛሬ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ እናቴ ቤት ውስጥ...

ኮከቤ እባላለሁ። የኮሌጅ መመረቂያችን አጭር ፊልም ነበር። ግማሹ በካሜራ የሚቀረጽ፣ ግማሹ እኔ በከሰል የምስለው አኒሜሽን። አንዲት ልጅ ትሞታለች፤ ይለቀስላታል። ከሬሳዋ ላይ ጥቁር ነገር ይነሳል። መልክ የለውም፣ ቅርጽ የለውም... ዝም ብሎ ይንሳፈፋል።

ካሜራውን ምንተስኖት የሚባል የክፍላችን ልጅ ያዘ። ሟቿን ሆና የተጋደመችው እስከዳር ናት፤ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ከእህትም በላይ።

አልቃሽ ግን እውነተኛ አመጣን። እማማ ጌታነሽን። እኛ ሰፈር ያለ እሳቸው ለቅሶ አይደምቅም። አብረዋቸው የሚያለቅሱ የሰፈር ሴቶችም መጡ።

እስከዳር በነጠላ ተሸፍና ተኛች። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስሟን ማን ልበል?»

ስም! ስክሪፕቱ «ልጅቷ» ብቻ ነው የሚለው። ለፈጠራ ስም ደግሞ ሴቶቹ እንባ አይመጣላቸውም ብዬ ፈራሁ። ወይ እኔ!

«በራሷ ስም ያልቅሱላት። እስከዳር ይበሉ።»

«ኧረ በስመ አብ በይ! በቁሙ ላለ ሰው ስም ተጠርቶ ይለቀሳል እንዴ?»

«ለፊልም እኮ ነው እማማ።»

እስከዳር ከነጠላው ሥር ሳቀች። «ያልቅሱልኝ እንጂ! ማን ከልቡ እንደሚያለቅስልኝ ልይ።»

እማማ ሳይወዱ ጀመሩ። ስሟን እየጠሩ፣ ቁመናዋን እያነሱ... ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ ራሴ አለቀስኩ። ቀረጻው በጣም ቆንጆ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሻይ ቤት ገባን። ሁለት ሻይ አዘዝኩ። አስተናጋጇ አንድ አመጣች።

«ሁለት ነው ያልኩሽ።»

«ሌላ ሰው ይመጣል?» አለችኝ።

እስከዳር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች...

ሳቅን።

በሰባተኛው ቀን መምህራችን ስም ሲጠራ እስከዳር «አቤት» አለች። ቀሪ አደረጋት። ደገመች። ጮኸች። ማንም አልዞረም።

ያን ቀን አልሳቅንም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የገዛ እናቷ ሳታያት በሩን ዘግታባት ገባች።

ደንግጬ ቀረጻውን ከፈትኩ። ነጠላው መሬት ላይ ተዘርግቷል... ከሥሩ ሰው የለም።

ሥዕሎቹን አወጣሁ። ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ወረቀት ነው የምስለው። ጥቁሩ ነገር ሰው እንዳይመስል ተጠንቅቄ ነበር። አሁን ግን አንገት አውጥቷል። ቀጥሎ ያለው ወረቀት ላይ ሹሩባ አለው። የእስከዳር ሹሩባ። የመጨረሻው ላይ እግሩ መሬት ረግጧል።

እኔ አልሳልኩትም። በማርያም፣ አልሳልኩትም!

ወረቀቶቹን በሙሉ አቃጠልኩና እማማ ጌታነሽ ቤት ሮጥኩ። ነገርኳቸው። አማተቡ።

«የሚመልስላት ሰው ቀርቷል?»

«እኔ አለሁ።»

«እንግዲያው እንዳታቋርጪ። በጠራችሽ ቁጥር አቤት በያት። አንቺም ዝም ካልሻት፣ ልጅቷ ከሰው ወጣች ማለት ነው።»

ቤቴ አመጣኋት። እናቴ አላየቻትም፣ አልሰማቻትም። ከእኔ ሳህን እየበላች፣ እኔ አልጋ ላይ እየተኛች ከረመች።

«ኮከቤ?» ትላለች።

«አቤት» እላለሁ።

ስታነባ አቤት፣ ስትቃዥ አቤት። እንቅልፍ አጣሁ። ግን በእኔ ጥፋት ነው እዚህ የደረሰችው፤ እንዴት ብዬ ልተዋት?

ካለፈው ሳምንት ወዲህ ማልቀሱን ተወች። መብላቱንም ተወች። ተረጋጋች ብዬ ተመስገን አልኩ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ደጁን ሞልቶታል። እናቴ ጓዳ ናት። እስከዳር አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛለች።

ከደጅ ተጠራሁ።

«ኮከቤ...»

የእስከዳር ድምፅ ነው።

አጠገቤ ያለችውን አየኋት። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እጄን ጠበቅ አደረገችው።

«አትመልሺላት» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ እዚህ ነኝ አይደል?»

«ኮከቤ፣ በረደኝ... ምነው ዝም አልሽኝ?»

በፍርሃት ልሞት ደረስኩ። አፌን አፈንኩ። ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። በሦስተኛው እያለቀሰች ነበር።

ከዚያ ጭጭ አለ...

እናቴ ተቆጥታ ከጓዳ ወጣች።

«አንቺ ምን ነክቶሽ ነው? ያቺ እስከዳር ስንት ጊዜ ጠፍታ መጥታ፣ ደጅ ቆማ ስትጠራሽ አቤት አይባልም?»

እስከ ዛሬ ያልሰማቻትን እስከዳርን ሰማቻት! በሩን ከፈተችው። ጉም ብቻ ነው።

ይሄን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው።

ቀኙን እስካሁን አልለቀቀችልኝም።