የፑራን ቀኝ እጅ

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ። ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ፑንጃብ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ባለው የእንግሊዞች ጦር ሰፈር...

እኔ ጊርዳሪ፣ የኮሎኔል ሃርዊክ ቁስል አሳሪ ነበርኩ። ሃርዊክ በአንድ የጦርነት ቀን አርባ እጅና እግር ቆርጦ ብዙ ነፍስ ያተረፈ፣ ደረቱ በሜዳሊያ የተሞላ ሐኪም ነው።

የወታደር ፑራንን ቀኝ እጅም የቆረጠው እሱ ነው።

ፑራን ማደንዘዣው ሳይወስደው ጨበጠኝና አንሾካሾከ።

"ወንድሜ፣ እጄን አደራ። ከሞትኩ፣ እንደ ወጋችን አስከሬኔ ሲቃጠል አብሮኝ ይቃጠል። ጎደሎ ሆኜ አልሂድ።"

"በእናቴ!" ብዬ ማልኩለት።

ኮሎኔሉ ግን "ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ጣለው" አለኝ።

የተቆረጠ አካል ሁሉ የሚጣልበት ጉድጓድ ነው። ጣልኩት። ፈሪ ነበርኩ፣ ምን ልበላችሁ።

ፑራን በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሎኔሉ የፑራንን የሞት ወረቀት ሊፈርም ብዕር አነሳ... ቀኝ እጁ እምቢ አለው። አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመ። ልክ እንዳልተማሩት ወታደሮቻችን።

ምሳ ላይ እጁ ሹካውን ትቶ እንደ እኛ ቂጣ ቆረሰ፤ ምስሩን ጠቅልሎ ጎረሰ።

"ጊርዳሪ..." አለኝ ቀስ ብሎ። "ይህ እጅ አይታዘዘኝም።"

ወዲያው የፑራን አባት ሳይን ዳስ ከተራራው አገር ደረሰ። የልጁ አስከሬን ወንዙ ዳር፣ እንጨት ላይ ተጋድሞ ይጠብቀዋል።

"እጁስ?" አለኝ።

"አባባ..."

"ያለ እጁ እሳት አልለኩስም። የት አደረስከው?"

ነገርኩት። አብረን ጉድጓዱን ቆፈርን። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተጣለምና የፑራን እጅ ከሁሉም በላይ መሆን ነበረበት...

የለም።

አሥር ሰዓት ላይ መለከት ተነፋ። ኮሎኔሉ አዲስ ሜዳሊያ የሚሸለምበት ሰልፍ ነው። እኔና ሽማግሌውም ዳር ቆምን።

ጄኔራሉ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሰካለት። ኮሎኔሉ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን አነሳ።

እጁ ግን ግንባሩ ጋ አልደረሰም።

ወደ እኛ ተዘረጋ... ሰውየውን እየጎተተው መጣ።

"ያዙኝ" ይላል ኮሎኔሉ። "ያዙኝ..."

ከኛ ማንም ንቅንቅ አላለም። ፈርተን ነበር።

ሽማግሌው ጋ ሲደርስ ኮሎኔሉ ከወገቡ ታጠፈ። በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት እጁ የሳይን ዳስን እግር ነካ፤ እኛ ዘንድ ልጅ አባቱን ሲያገኝ እንደሚያደርገው።

ሽማግሌው አለቀሰ። እጁን ያዘው።

"ና ልጄ" አለው። "እንጨቱ ተዘጋጅቷል።"

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ኮሎኔሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በየስማችን እየጠራን ይጮኻል... እግሩ ግን አንድም ጊዜ አልቆመም።