ቁጭ ብለው ይመልሱ

ጸዮን ዶክተር ቴውታን ይቅር አላለቻትም። ሰባተኛ ክፍል ሳለች የያዘችውን ቂም አሥረኛ ክፍል ድረስ ይዛው መጥታለች፤ እንደ ትምህርት ቤት ቦርሳዋ ጠዋት አንግታው ትወጣለች፣ ማታ አንግታው ትገባለች። ለእናቷ እንኳ ግማሹን ነው የነገረቻት።

እናቷ ሙሉእመቤት ግን ቂሙ እስካሁን መኖሩን አታውቅም። በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«አልሄድም ብያለሁ እማዬ።»

«ትሄጃለሽ።»

«ዋይ? በእሷ ኢንተርቪው እኔ ምን አገባኝ?»

«እሳቸው በዪ! ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ ነው፤ እንግሊዝኛዋን የሚሰማላት ሰው የላትም። ጎረቤት አይደለንም እንዴ?»

«አንቺ ራስሽ ‹የላትም› አልሽ እኮ።»

«እኔ እኩያዋ ነኝ። ተነሺ ይልቅ፣ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ!»

የሚኖሩት ቶሮንቶ ውስጥ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ነው፤ የዶክተር ቴውታ በር ከእነሱ በር ፊት ለፊት ነው። አልባኒያ የምትባል አገር መኖሯን ጸዮን ያወቀችው ከዶክተሯ ነው፤ ከግሪክ በላይ ያለች፣ ተራራ የበዛባት ትንሽ አገር። ዶክተር ቴውታ እዚያ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበረች፤ ባሏ አግሮን ደግሞ የሒሳብ ዶክተር። የድሮው ኮሚኒስት መንግሥታቸው ሲወድቅ ድንበሩ ተከፈተና ወጡ። መውጣቱንስ ወጡ፣ ቶሮንቶ ላይ ግን ማን ያውቃቸዋል? ጥናታቸውን የተቀበለ ሁሉ በማያነበው ቋንቋ ስለተጻፈ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ይመልስላቸዋል። አግሮን ሳስካቹዋን የሚባል ሩቅ ክፍለ ሀገር ሄዶ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ያስተምራል። እሷ እዚሁ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላብራቶሪ ረዳት ሆና የሌላ ፕሮፌሰር ተማሪዎችን ወረቀት ታርማለች፣ የሌላ ፕሮፌሰር ብርጭቆ ታጥባለች። ለመምህርነት ሁለት ጊዜ ኢንተርቪው ገብታ ሁለቱንም ወድቃለች። የሰኞው ሦስተኛዋ ነው። ይሄም ካልሆነ ምርምሩን እርግፍ አድርጋ ትታ ባሏ ጋ ልትሄድ ካርቶን መሙላት ጀምራለች።

«ትሂዳ፣ ዋትኤቨር» ትላለች ጸዮን በሆዷ። ግን ካርቶኖቹን ባየች ቁጥር እግሯ አርፎ አይቀመጥም። ዶክተሯ ብን ብላ ስትሄድ እሷ ቂሟን ታቅፋ ልትቀር!

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጸዮንና እናቷ ከሱዳን ከመጡ ገና ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። ትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ተባለ። ጸዮንን ደግሞ በረዶ በጣለ ቁጥር እንዳያንሸራትት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከነከናት። በረዶው ሲቀልጥ ጨው ይዞ ወደ ሣሩ ይገባል፤ ሣሩ ምን ይሆናል? ከዋናው መንገድ ዳር ጥቁር በረዶ እየዛቀች ቤት ወስዳ አቀለጠችው። መስኮቷ ሥር ባቄላ ዘራችና ግማሹን የቧንቧ ውሃ፣ ግማሹን የበረዶውን ውሃ አጠጣችው። የቧንቧው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የበረዶው ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ሥዕሉንም ጽሑፉንም በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ ራሷ ሠራችው። ዶክተር ቴውታ ባዶ የላብራቶሪ ብርጭቆ ከማዋስ በቀር እጇን አላስገባችም።

የሳይንስ መምህሩ ሥራውን አገላብጦ አየና «ይሄ የአንቺ አይመስለኝም» አላት። ጎረቤቷ ሳይንቲስት መሆኗን ሰምቷል።

«እሳቸውን ይጠይቋቸው!» አለች ጸዮን ደረቷን ነፍታ።

ዶክተር ቴውታ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አሲዛ መጣች። መምህሩ ወንበር ሰጣትና በትሕትና ጠየቃት፤ «ልጅቷን ምናልባት ትንሽ አብዝተው አግዘዋት ይሆን?»

ጸዮን «አይ» የምትለውን ቃል ትጠብቃለች። ዶክተር ቴውታ ከወንበሯ ብድግ አለች። እጆቿን ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ አጣበቀች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«መምህር፣ ትክክል ብለዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። መጠንቀቅ ነበረብኝ።»

በቃ። የጸዮን ባቄላ ከውድድሩ ጠረጴዛ ላይ ተነሳ፤ ለከተማው ውድድር ሌላ ልጅ ሄደ። ይባስ ብሎ ዶክተር ቴውታ ኮሪደሩ ላይ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ «አይዞሽ፣ አሁን ነገሩ አለቀ» አለቻት፤ እንደ ትልቅ ውለታ። ጸዮን ለምን እንዳደረገችው ጠይቃት አታውቅም። ብትጠይቅ እንደምታለቅስ ታውቀዋለች።

እንግዲህ አሁን የዚችን ሴትዮ በር አንኳኩታ ገባች። ከሶፋው ጀርባ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ዶክተር ቴውታ ለሦስቱም የተራራ ሻይ ቀዳች፤ ከአገሯ የምታስመጣው፣ ከነግንዱ የሚፈላ ሻይ ነው፤ ምርምሯም በእሱ ላይ ነው።

«ሁለታችሁ ኮሚቴ ናችሁ» አለች። «አትራሩልኝ።»

ሙሉእመቤት ደስ አላት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «እኔ ምን ልጠይቅ?» አለች በአማርኛ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ፊትሽን አጨማድጂ» አለች ጸዮን። «ፕሮፌሰር ትመስያለሽ።»

«አፍሽን!»

ዶክተር ቴውታ ጀመረች። ተራራ አናት ላይ የበቀለው ሻይ ሸለቆ ከበቀለው ይልቅ ሽታው ለምን እንደሚበረታ፣ ብርዱና ፀሐዩ ቅጠሉን ምን እንደሚያደርገው ሥዕል እያሳየች አስረዳች። ሙሉእመቤት ከእንግሊዝኛው ብዙውን ባትሰማም ሥዕሉን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ጸዮንን ያናደዳት ይሄ ነው፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር።

ጥያቄ ሲደርስ ጸዮን የት እንደሚያም ታውቃለች። ዶክተሯ በየቅዳሜው እነሱ ቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ይህንን ምርምር እየሰማች ነው ያደገችው።

«ዶክተር» አለች ድምጿን አወፍራ፣ «ያጠኑት አንድ ተራራ ብቻ ነው። ከአንድ ተራራ ተነስተው ስለ ሌሎቹ ሁሉ እንዴት ይናገራሉ? ይሄ ትልቅ ድክመት አይደለም?»

መልሱ አለ። ጸዮን ራሷ ትመልሰዋለች። ከመመለስ ይልቅ ግን ዶክተር ቴውታ ብድግ አለች። እጆቿ ጎኗ ላይ ተጣበቁ። ዓይኗ መሬት ላይ ወረደ።

«ትክክል ብለዋል። ሥራዬ ድክመት አለበት። ጥፋቱ የእኔ ነው። የበለጠ መትጋት ነበረብኝ።»

ያው አቋቋም፣ ያው እጅ፣ ያው ድምፅ።

«ምን አልሻት?» አለች ሙሉእመቤት ጸዮንን ጎንተል አድርጋ። «ለምን ፊቷ እንዲህ ሆነ?»

«ምንም አላልኳትም! አንድ ተራራ ብቻ ለምን አጠኑ ነው ያልኩት። መልሱን እኮ ታውቀዋለች እማዬ! ሌሎቹ ተራሮች ድንበር ላይ ናቸው፣ ወታደር አያስገባም። በእረኞች ዘሩን አስመጥታ እሷ ያጠናችው ተራራ ላይ አበቀለችው። እንደሱ ማለት ሲገባት ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› አለች።»

ሙሉእመቤት ስኒዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ዶክተር ቴውታን አየቻት፤ አሁንም እንደቆመች ናት።

«ግለ ሂስ!» አለች። «በናትሽ! ግለ ሂስ እኮ ነው የምታደርገው!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«በደርግ ጊዜ ፋብሪካ ስሠራ ስብሰባ ነበረብን። አንዱ ይነሳና ‹ጓድ ሙሉእመቤት ሰንፋለች› ይላል። አልሰነፍኩም ማለት የለም። ካልሽ ሌላ ጥፋት ይጨመርብሻል። ቶሎ ብለሽ ትነሺና ‹ሂሱን ተቀብያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው› ትያለሽ። ያኔ ይተዉሻል፤ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«ባታጠፊም?»

«እኔ እናቴን ልቀብር ሄጄ ነው ከሥራ የቀረሁት። ‹ሰንፌያለሁ› አልኩ። ምን ላድርግ?»

ጸዮን ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም።

ሙሉእመቤት ቦርሳዋን አስቀምጣ ተነሳች። ዶክተር ቴውታ ፊት ሄደችና የራሷን እጆች ጎኗ ላይ አጣብቃ አንገቷን ደፋች። «ቴውታ» አለች በራሷ እንግሊዝኛ፣ «ዩር ካንትሪ… ሚቲንግ… ላይክ ዚስ?»

ዶክተር ቴውታ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ የሙሉእመቤትን እጅ አየች፤ የራሷን እጅ አየች። አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣት፤ ሙሉእመቤትም አብራት ሳቀች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ፊት ለፊት እንደ ወታደር ቆመው ሲንፈቀፈቁ ላየ ሰው ያበዱ ነው የሚመስለው።

«አንቺም?» አለች ዶክተር ቴውታ ዓይኗን እየጠረገች። «እኛ በምርምር ተቋሙ በየጊዜው ነበር። ማንም ሲጠይቀኝ እግሬ ቀድሞኝ ይነሳል። እኔ እንኳ አላውቀውም።»

«ባለፉት ሁለት ኢንተርቪዎችስ?» አለች ጸዮን።

ዶክተር ቴውታ አሰበች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ተነሳሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱንም ጊዜ ተነሳሁ።»

«ሰባተኛ ክፍል ሳለሁም ተነስተዋል።»

ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ከወጣ ወዲያ ግን አልቆም አለ። «ባቄላው። የጨው ውሃው። እኔ እንደሠራሁት እያወቁ ተነስተው ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› አሉ። ሰውዬው እኔን ሌባ አደረገኝ!»

ሙሉእመቤት እንግሊዝኛው ፈጠነባት፤ የልጇን ዓይን አይታ ግን ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«ላድንሽ ነበር» አለች ዶክተር ቴውታ። «እኛ ጋ አንድ ሰው ጥፋቱን ከወሰደ ሌላውን አይነኩትም። እኔ ከወሰድኩት አንቺን የሚተዉሽ መስሎኝ…» የጸዮን ባቄላ ለምን ከውድድሩ እንደወጣ አሁን ገና የገባት ትመስላለች። እጆቿ ወደ ጎኗ ወረዱ። አንገቷ ደፋ አለ። «ጸዮን፣ ጥፋቱ የእኔ—»

«ቁጭ ይበሉ!»

ሁሉም ደነገጡ፤ ጸዮን ራሷም።

«ጸዮን! በትልቅ ሰው ላይ?» አለች እናቷ።

«ፕሊዝ፣ ይቀመጡ። እንደዚህ ቆመው የሚሉትን አልፈልገውም።»

ዶክተር ቴውታ ተቀመጠች። ከታች የአውቶቡስ ፍሬን ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ጸዮን በሩን አየች፤ ካርቶኖቹን አየች። ይህንን ይቅርታ ለዓመታት ስትጠብቀው ነበር። ሲመጣ ደግሞ ያው ያስጣላቸው ነገር ሆኖ መጣ። አሁን ተነስታ ብትሄድ ማንም አይይዛትም።

ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ከጥያቄው እንጀምር። ስጠይቅዎ ወንበሩን ከሥር በሁለት እጅዎ ይያዙት። ኦኬ? እማዬ፣ አንቺ ከኋላ ቁሚ።»

«ምን ላደርግ?»

«ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ያዢልኝ።»

«ትከሻቸውን በዪ» አለች ሙሉእመቤት፣ ግን ሄዳ ቆመች።

መጀመሪያ ሁለቴ ዶክተር ቴውታ ብድግ ስትል ሙሉእመቤት «ሲት!» እያለች በሁለት እጇ መለሰቻት። ሦስተኛው ላይ ግማሽ ድረስ ተነስታ ራሷ ተመለሰች። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ዳቦው ተቆርሶ አለቀ። ጸዮን መነጽር ያለው ፕሮፌሰር ሆነች፣ የሚያዛጋ ፕሮፌሰር ሆነች፣ ክፉውንም ሆነች። ዶክተር ቴውታ ላብ በላብ ሆና ወንበሯን እንደያዘች መመለስ ጀመረች።

«ሌሎቹ ተራሮች ወታደራዊ ክልል ነበሩ። ዘሩን እረኞች አመጡልኝ። በአንድ ተራራ ላይ፣ በተለያየ ከፍታ አበቀልኩት። የየተራራው ዘር ሁሉ ከፍ ብሎ ሲበቅል ሽታው በረታ። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ዘትስ ኢት!» አለች ጸዮን። ሙሉእመቤት አጨበጨበች።

«አንድ ጥያቄ ቀረኝ» አለች ጸዮን። ድምጿን አለሰለሰችው፤ ያኔ መምህሩ እንዳለሰለሰው። «ዶክተር፣ ያንን የበረዶና የጨው ሥራ… ልጅቷን ምናልባት ትንሽ አብዝተው አግዘዋት ይሆን?»

ዶክተር ቴውታ ልትነሳ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ሙሉእመቤት ከኋላ እጇን ዘረጋች፤ ጸዮን በዓይኗ ‹ተዪ› አለቻት። ዶክተር ቴውታ ወንበሩን ጣቶቿ እስኪነጡ ጨመቀችው። መሬቱን አላየችም።

«አይ» አለች። «ብርጭቆ ነው ያዋስኳት። የሠራችው ልጅቷ ናት።»

ጸዮን ወደ ወንበሯ ጀርባ ተደገፈች። እግሯ መቁነጥነጡን ትቷል።

«አንዴ ይድገሙት» አለች። «ኮሚቴው አልሰማም።»