ታንከሩ አፍ ላይ ማን ነበር?

ይህን አንብባችሁ «ፈጠራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ብሰማው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ደርሷል። በእኔ ላይ።

ያውም በጨለማ አይደለም... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ በተከራየናት አሮጌ ጋራዥ ውስጥ።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ትንሽ የቢራ መጥመቂያ እየሠራን ነበር። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ጠመቃውን ተምሬያለሁ። እሱ ደግሞ ዕቃ በማፈላለግ የሚስተካከለው የለም።

አቅማችን አዲስ ዕቃ የሚያስገዛ አልነበረም። ስለዚህ ያገለገለውን እየለቃቀምን አመጣን። ብቅሉን የምናበስልበት ድስት ከትምህርት ቤት ማእድ ቤት የወጣ ነው። ውሃ ማሞቂያው የላውንደሪ ነበር። ማቀዝቀዣውን ከአንድ የተዘጋ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ፈታተን ነው የገጣጠምነው።

«ሌላ ቤት ጡረታ የወጣ ሁሉ እኛ ቤት ይሾማል!» ይል ነበር ጋሼ እየሳቀ።

የቀረን ቢራው የሚብላላበት ታንከር ብቻ ነበር። አንድ ቀን እሱንም ጭኖ መጣ። ከወተት ፋብሪካ የወጣ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ መቆም የሚችልበት ትልቅ ታንከር።

«እንዲህ ያለውን በርካሽ? እንዴት ሸጡልህ?» አልኩት።

«ቦታ ያዘባቸው» አለኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

እንዲህ ያለው ታንከር ውስጡ ተገብቶ መፈተግ አለበት። ሲፈተግ ደግሞ አንድ ሰው ከላይ አፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አየር ሊያጥር ይችላል። ውስጥ ያለው ራሱን ቢስት የሚጎትተው ሰው ያስፈልጋል።

«አንተ ግባ፣ ጉልበቱ አለህ» አልኩት።

«ወገቤን ይዞኝ እያየሽ?» አለ። «ግቢ ሚጢ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። በየመሐሉ ጥሪኝ።»

ገባሁ። መፈተግ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

ቀና አልኩ። ብርሃኑ ዓይኔን ስለወጋኝ አላየሁትም። መልሼ አጎነበስኩ።

ትንሽ ቆይቼ...

«ጋሼ?»

«አለሁ። ከሥር ያለውን ብየዳ አትዝለዪው። ወተቱ እዚያ ነው የሚደርቀው።»

ገረመኝ። ጋሼ ስለ ወተት ታንከር ምን ያውቃል? ግን ልክ ነበር... ብየዳው ሥር የደረቀ ነጭ ነገር አገኘሁ።

«ጎበዝ» አለ።

ድምፁ ቀንሷል። ሹክሹክታ ሆኗል።

«ምነው ድምፅህ?»

መፈተጌን ቀጠልኩ።

ከዚያ... «የሚሸትሽ ነገር አለ?»

«የለም። ምን ይሸተኛል?»

«እኔንም አልሸተተኝም ነበር... ዝም ብሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ነው የሚልሽ።»

እጄ ቆመ።

ያኔ ነው የገባኝ። ድምፁ ከላይ አልነበረም የሚመጣው።

ከኋላዬ ነው... ከጆሮዬ ሥር።

አልዞርኩም። እንዴት እንደወጣሁ እስካሁን አላውቀውም። ጉልበቴ ተልጦ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ አፉ ላይ ብቅ ስል ጋሼ የተቀመጠበት በርጩማ ባዶ ነው።

ጋሼ የለም።

ደጅ አገኘሁት። መኪናው ላይ ተደግፎ፣ ለጋራዡ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። «ንቅንቅ አልልም» ያለኝ ሰው!

ስጮህበት ዞረ። ፊቱ ላብ በላብ ነው። «ምን ሆንሽ?» አላለኝም። «ደህና ነሽ?» አላለኝም።

«አናገረሽ?» አለኝ።

ወደ እሱ ቀረብኩ።

«አናገረሽ ወይ፣ ሚጢ?»

«ታውቅ ነበር?»

መሬት መሬት እያየ አወጣው። ታንከሩን ሊገዛ የሄደ ዕለት ውስጡን ለማየት ገብቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮው ሥር የማይጠፋ ሰው አለ። ሲበላም፣ ሲነዳም፣ ሲተኛም። ቢጨንቀው ተመልሶ ሻጩን ለመነው። ሻጩም እውነቱን ነገረው። አንድ አጣቢ እዚያ ውስጥ ታፍኖ ሞቷል። ከላይ ሆኖ እንዲጠብቀው የተቀመጠው ባልደረባው ትቶት ሄዶ ነው።

«ሌላ ሰው ከገባ አንተን ይተውሃል አለኝ...» አለ በሹክሹክታ።

«እና እኔን አሰብከኝ?»

«ሌላ ማን ያምነኛል?»

እንዲህ ነው ያለኝ። ሌላ ማን ያምነኛል።

በልጅነቴ መንገድ የሚያሻግረኝ፣ ስታመም ግንባሬን የሚዳስሰኝ ሰው ነው። እምነቴን ገመድ አድርጎ ነው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያወረደኝ።

«ሂድልኝ» አልኩት።

«አሁን እኮ ጸጥ ብሏል፣ ሚጢ...»

ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። በእኔ የተገዛ እፎይታ። ከድምፁም፣ ከታንከሩም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። እኔ በቆምኩበት ጆሮዬን ጣልኩ።

ምንም።

ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

መኪናው ዞሮ በአጠገቤ አለፈ። ጋሼ መሪውን ይዞ ቀስ እያለ ያፏጫል። ከእሱ በስተቀር የገባ ሰው አላየሁም።

የኋላው መስኮት ግን በዚያ ሐሩር ጉም ለብሶ ነበር...

ከውስጥ በኩል አንድ ነጭ፣ እርጥብ መዳፍ ጉሙን ቀስ ብሎ ጠረገው።