ከምላስ ሥር ያደረ ቃል

የመከር ወር በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የኤሎም ሐይቅ ከዳርቻው ሸሸ። ዓሣዎቹ ጭቃው ላይ ሲንፈራገጡ ሰው ሁሉ አየ። በዚያው ሰዓት የደልጋ አውራጃ ገዥ አበጋዝ ሙርካን አደባባይ ወጥቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ደልጋ ከሰንደራ ዘውድ ተገንጥላለች፤ ሐይቁም አብሮን ይሄዳል!» ሲል አወጀ።

የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ኤሎሞች፣ ለሰባቱ ዳኞች ሸንጎ አቤት አሉ። የዚያን ሸንጎ ፍርድ የጣሰ ሠራዊት ጦሩ በእጁ ላይ አመድ ይሆን ስለነበር፣ አበጋዙም ሳይወድ ቀረበ።

«ደልጋ የሚባል አውራጃ ሳይኖር እኛ ከዘውዱ ጋር ቃል ኪዳን ነበረን» አሉ የኤሎም ሽማግሌ አያ ደምባሮ። መሻገሪያውን ለመጠበቅ፣ የንጉሥን መልእክተኛ ለማሳደር ኤሎም የገባውን ቃል አንዲት ሳያጎድሉ ተናገሩ።

«ዘውዱስ ምን ቃል ገባላችሁ?» አሉ የዳኞቹ አለቃ።

«እሱን የሚይዘው ዘውዱ ነው» አሉ አያ ደምባሮ። በኤሎም ዘንድ ሰው የራሱን ቃል በልቡ ይይዛል እንጂ ሌላው የገባለትን አይዝም። መያዙ ባለቃሉን አለማመን ነውና ነውር ነው። የዘውዱን ቃል መያዝ የነገሥታቱ ፋንታ ነበር። ነገሥታቱ ደግሞ ረስተውታል።

«ባዶ እጃችሁን ነው የመጣችሁት!» ብሎ አበጋዙ ሳቀ።

ዳኞቹ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀጠሮ ሰጡ። ቃል ኪዳኑን የገቡት ንጉሥ ቃላቸውን በዛህር ተራራ ለምትኖር ባለ ነሐስ ክንፍ አሞራ አደራ እንደሰጡ ይነገር ነበር።

«በሐይቁ እምላለሁ» አለች ወይናሪ ተነሥታ፤ «ቃሉን ሳልይዝ ይህን ደጅ አልረግጥም!»

ወይናሪ የኤሎም አልቃሽ ናት። በሐይቁ ዙሪያ ያለ እሷ ሙሾ የተቀበረ ሰው አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ጎራድ ሰይፉን ታጥቆ ተከተላት።

ዳገቱ ላይ፣ «እታለም» አላት፤ «የሞትኩ እንደሆነ ሙሾው ላይ አፍንጫዬን እንዳታነሺ። አደራ!»

«ሟርተኛ! ያን የሚያህል አፍንጫ ትቼ ምን ላነሳ ነው?»

አሞራዋ ክንፏን ስትዘረጋ ገደሉ ሁሉ እንደ ደወል ጮኸ። ከጉሮሮዋ ነጭ ጠጠር አውጥታ በወይናሪ ምላስ ሥር አኖረች። «የንጉሡ ቃል ይህ ነው። በሸንጎው ፊት ራሱ ይናገራል። እስከዚያ ግን ትንፍሽ ብትይ፣ ለለቅሶ እንኳ ድምፅ ብታወጪ፣ እንደ ጨው ይሟሟል» አለቻት።

ሲመለሱ የአበጋዙ ፈረሰኞች ገደሉ ላይ ባለው የገመድ ድልድይ ደረሱባቸው። ጎራድ እህቱን አስቀድሞ፣ ከኋላ እየተከላከለ ተሻገረና ገመዱን በሰይፉ ቆረጠው። ፈረሰኞቹ ማዶ ቀሩ። የወረወሩት ጦር ግን ጎኑን በስቶት ነበር።

ወይናሪ ራሱን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እታለም፣ በስሜ ጥሪኝ» አላት። «አንዴ ብቻ።»

ከንፈሯ ተላቀቀ። ያን ሲያይ ጎራድ ደነገጠ፤ በደም የራሰ መዳፉን አፏ ላይ ጫነ።

«ተይ፣ ተይ… ቀልዴን እኮ ነው።»

እጁ ቀዝቅዞ እስኪወድቅ ድረስ ከአፏ ላይ አላነሳውም።

ቀጠሮው ደርሶ ነበር። በድልድዩ አጠገብ ላለው መንደር ሰዎች ሬሳውን በእጇ አሳየቻቸው፣ እንዲቀብሩት መሬት ወድቃ ለመነቻቸው፣ ሄደች።

በሸንጎው ፊት አፏን ስትከፍት የወጣው የሽማግሌ ንጉሥ ድምፅ ነበር፤ «ይህ ውኃና ዳርቻው የኤሎም ነው። እኔም ብሆን፣ ልጆቼም፣ በስማችን የተሾመ ገዥም፣ ኤሎም ራሱ እሺ ሳይል ከዚህ መንግሥት አንቆርጠውም፤ ለማንም አናሳልፈውም።»

«ደልጋ ከዘውዱ ልትለይ ይገባታል ወይ የሚለው ገና ይታያል» አሉ የዳኞቹ አለቃ። «ኤሎምን ግን ያለ ፈቃዱ ይዛ አትሄድም።»

አበጋዙ ወጣ። ሐይቁም በዚያው ዕለት ወደ ዳርቻው ተመለሰ። ሕዝቡ እልል ሲል ወይናሪ ከደጁ ቆማ «ጎራድ» አለች። የሰማት አልነበረም።

ወደ ድልድዩ መንደር ስትመለስ ተቀብሮ አገኘችው። ሙሾ ያወረደችለት በሕይወት ሳለ አይታው የማታውቅ የመንደሩ ሴት ነበረች። ከፊቱ በቀር ስለ እሱ የምታውቀው ነገር ስላልነበራት፣ ያነሳችው አፍንጫውን ነው።