ሰው ሁሉ በጎረቤቱ የሳቀበት ቀን

በዘንጎራ ከተማ ሰማይ ሁለት ፀሐይ በወጣ ዕለት የመንግሥቱ ጭምብል ተሰረቀ። በመኸር በዓል ጭምብሉን ያጠለቀ ሰው የሰዉን ነውር እያስመሰለ በንጉሡ ሳይቀር በአደባባይ ይሳለቅ ነበር፤ የተነካውም «እኔ ነኝ» ብሎ ይነሣ ነበር። መሳለቂያ መሆን የመረራቸው መኳንንት አሰርቀው ከዘጠኝ ተራራ ማዶ ደበቁት። ከዚያ ወዲህ የተደበቀ ነውር የሚመገበው ዘንዶ፣ ገሞር፣ በከተማዋ ዙሪያ ተጠምጥሞ ያንቃት ጀመር።

ወጣቷ ሊያሬት ጭምብሉን ልታስመልስ ማለች። እናቷ ታንጉት አብራት ተነሣች፤ ልጄ ገደል ትገባለች፣ ወንዝ ይወስዳታል እያለች እንዴት ቤት ትቀመጥ? ሊያሬት ጭምብሉን የሚጠብቀውን ባለ እሳት ክንፍ ንስር በጦር ጣለችው። ከጭምብሉ ጀርባ ግን «ያጠለቀኝ የገዛ ፊቱን አያገኝም» የሚል ተጽፎ ነበር።

«ልጄ፣ እዚሁ ጣይው!»

«እማ፣ ከተማው እየታነቀ?»

በበዓሉ ቀን ሊያሬት አደባባይ ላይ አጠለቀችው። ጭምብሉም ፊቷ ላይ መልኩን ቀይሮ ውዳሴውን እየሰማ የሚያንኮራፋ ንጉሥ ሆነ።

የከተማዋ ንጉሥ ኤልዛፍ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «የጎረቤት አገሩ ንጉሥ ነው! ቁርጥ እሱ!»

ሕዝቡም ሳቀ። ዘንዶው ጥምጥሙን ይበልጥ አጠበቀ፤ የከተማዋ ግንብ ተሰነጠቀ። ታንጉት ግራ ገባት። እየሳቁ ነው ወይስ እየታፈኑ?

ቀጥሎ ጭምብሉ በጦርነት መሐል ልጇን «ወዮ፣ ጦሩ ይወጋሻል፣ በጨርቅ እንጠቅልለው!» የምትል ሴት ሆነ።

«አንቺ ታንጉት፣» አለች ከጎኗ ያለችው ቅመም ሻጭ በክርኗ እየጎሸመቻት፣ «ያቺ የአክስትሽ ልጅ አይደለችም?»

ታንጉት ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን አቋረጠች። ንስሩ ሲወርድ የልጇን ካባ ከኋላ ጨምድዳ የያዘችው ማን ነበረች? ሊያሬት መሸሽ ያቃታት፣ ትከሻዋን በጥፍር የተቀደደችው በማን የተነሣ ነው? ብትነሣ ምን ይሉኛል? ባትነሣስ?

«እኔ ነኝ!» አለች።

የዘንዶው አንድ ጥምጥም ላላ። ንጉሡ መሬት መሬት እያየ፣ «ያ የሚያንኮራፋውም... እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ «እኔ ነኝ» እያለ ተነሣ። ገሞር ከግንቡ ወድቆ እንደ ጉም በነነ።

እልል ያለ ግን አልነበረም። ሁሉም ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ወደ ቤቱ ገባ፤ ለሊያሬት እንኳን ደስ ያለሽ ያላት የለም። ጭምብሉ ወለቀ። ከሥሩ የወጣው ፊት ግን፣ ከጀርባው እንደተጻፈው፣ የሊያሬት አልነበረም፤ ማንንም አይመስልም።

«እማ፣» አለ የልጇ ድምፅ።

ታንጉት ያንን የማታውቀውን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው። ማልቀስ ይሁን መሳቅ ሳይለይላት፣ ከግንባሩ ጀምራ በጣቷ ታጠናው ጀመር።