ያልጨመረው ቁጥር

ቃልኪዳን የእናቷን የልብስ መለኪያ ሜትር በጭኗ ዙሪያ ጠምጥማ ቁጥሩን አየች። ሃምሳ አንድ። ባለፈው ሳምንትም ሃምሳ አንድ ነበር። ዳሌዋን ለካች። እሱም አልጨመረም።

ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ የምትሮጥበት ክለብ አሠልጣኝ በመቶ ሜትር ሯጮች ላይ የተሠራ ጥናት ለልጆቹ አሳይታቸው ነበር። «ፈጣኖቹ የጭናቸውና የዳሌያቸው ጡንቻ ትልቅ ነው» ብላለች። «በተለይ የዳሌ። ሰውነትን ወደ ፊት የሚገፋው እሱ ነው።» ቀጥላ ጡንቻ ብቻውን እንደማያሸንፍም ተናግራለች፤ ቃልኪዳን ግን የያዘችው የመጀመሪያውን ነው። ለማጣሪያው ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ሁዳዴ ደግሞ ገና አልተጋመሰም።

ስለዚህ የክለብ ጓደኛዋ ማቲ የሰጣትን የፕሮቲን ዱቄት በድብቅ ሳይሆን በግልጽ፣ ወጥ ቤት አስቀምጣ መጠጣት ጀመረች። እናቷ ስትጠይቃት «የጾም ነው፣ ከአተር ነው የሚሠሩት» አለቻት።

በሩ ተከፈተ። እናቷ የሻረግ ከጽዳት ሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ዛሬም ልኬት? የአገርሽ ልጆች አምስት ሺህ ይሮጣሉ። እሱ ዳሌ አይጠይቅም።»

«እማ፣ ፕሊዝ፣ አትጀምሪ።»

የሻረግ ሳቀች። «ይልቅ ያ ዱቄትሽ ደግ ነገር ነው። ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በውኃ በጥብጬ ጠጣሁት። ዛሬ ስድስት ፎቅ ስጠርግ ጉልበቴ አልከዳኝም።»

ቃልኪዳን ሜትሩን መጠቅለል አቆመች።

«አንቺ… ጠጣሽው?»

«ምነው፣ ሰሰትሽ? አብራኝ ለምታስቀድሰው ለኂሩትም ነግሬያታለሁ። ምስኪን፣ ጾሙ ከብዷታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ይዤላት እሄዳለሁ።»

«ላዩ ላይ የተጻፈውን አይተሻል?»

«አንቺ ካልሽኝ ምን አነባለሁ?»

ቃልኪዳን ወጥ ቤት ገባች። የዱቄቱ ዕቃ ግማሽ ደርሷል። ማጠቢያው ውስጥ ደፍታ «አልቋል» ብትል እናቷ ሁለተኛ አትጠይቅም። ኂሩትም አትጠጣም፤ ማቲም ሌላ ያመጣላታል። ዕቃውን አዞረችው። በጥቃቅን ፊደላት መሃል «ወተት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ደምቆ ተጽፏል። የሻረግ የጾም ያልሆነውን ለመለየት ሱቅ በገባች ቁጥር ያንን ቃል ፈልጋ ታነባለች።

ቧንቧውን ከፈተች። ትንሽ ቆይታ ዘጋችው።

ዕቃውን ይዛ ወጣችና ጽሑፉን ወደ እናቷ አዙራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ» አለች፣ «መነጽርሽ የት ነው?»